ተማሪና የኅብረተሰብ ጥናት፤ ሥራው ከምን ይጀምራል?

እንደሚታወቀው እኛ ሠልጣኞች ከዚህ ግቢ ተመርቀን ከመውጣታችን በፊት በአካባቢያችን ኅብረተሰብ ውስጥ ከሚታዩት ችግሮች አንዱን መርጠን፣ አጥንተንና ጽፈን እንድናቀርብ እንታዘዛለን። ርእሱ ትምህርት ማቋረጥ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የወጣቶች ሥራ አጥነት፣ ስደት፣ የመማሪያ ቋንቋ፣ ወይም የቀበሌ አስተዳደርና የነዋሪው ግንኙነት ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ በሚመለከት በመካከላችን ሦስት ዓይነት አመለካከት ይታያል።

የመጀመሪያው ወገን ሥራውን እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። «ያው ነው፤ ያምናውን ገልብጦ ማስረከብ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ይፈራል። «ፖለቲካ ያለበትን ነገር ምን አስነካህ? አርፈህ ስለ ግቢ ጽዳት ጻፍ!» እያለ ይመክራል። ሦስተኛው ወገን ግን መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚፈልገው መልሱን የሚያደምቅለትን ማስረጃ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኅብረተሰብ ጥናት ምን እንደሆነ፣ በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ ምን ታሪክ እንዳለው፣ እኛስ በአቅማችን እንዴት ልንሠራው እንደምንችል በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ሀ. የኅብረተሰብ ጥናት ሲባል ምን ማለት ነው?

የኅብረተሰብ ጥናት ማለት በሰዎች የጋራ ኑሮ ውስጥ ስላለ አንድ ጉዳይ ጥያቄ አንስቶ፣ ሄዶ አይቶ፣ ጠይቆና ቆጥሮ፣ የተገኘውንም ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችል አኳኋን መጻፍ ማለት ነው። አስተያየት የሚሰጥ ሰው «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ ይጀምራል። አጥኚ ግን «እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፤ ያገኘሁትም በዚህ መንገድ ነው፤ ካላመንህ ሂድና እይ» ይላል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ትልቅ ነገር አለ። ጥናት የተነሣንበትን ሐሳብ ሊያፈርስብን መቻል አለበት። ምንም ዓይነት መልስ ቢመጣ ሐሳቤ አይነቃነቅም ያለ ሰው ቀድሞውኑ ጫማውን ባላለፋ ይሻለው ነበር። ሰውን ከሥራው አስፈትቶ፣ ጥያቄ ደርድሮ፣ በመጨረሻ ቤቱ ተቀምጦ ሊጽፈው ይችል የነበረውን ነገር መጻፍ ላም አለኝ በሰማይ ከማለት አይለይም።

ለ. የቀደሙት ተማሪዎች ምን አደረጉ?

በአገራችን ተማሪዎች ስለ ኅብረተሰባቸው ማጥናት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ ከየመጡበት አካባቢ ስለ ሠርግ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ልዩ ልዩ ባህል የሰበሰቡትን እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። ኋላም የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ተመራቂዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ሄደው ሽማግሌ እየጠየቁ የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፉ። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን እነሆ ዛሬም የታሪክ ሊቃውንት በመጻሕፍቶቻቸው ይጠቅሷቸዋል። ተማሪው በሃያ ሁለትና በሃያ ሦስት ዓመቱ የመዘገበው የሽማግሌ ቃል፣ ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ሌላ መተኪያ የለውም።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። አብዛኞቹ የተመደቡት መምህር ሆነው ነው። በከተማ ያደገ ወጣት የገበሬውን ኑሮ፣ የጭሰኛውን ችግር፣ የገጠሩን ትምህርት ቤት ባዶነት በዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በ1958 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለቀሙ ድኾች በሾላ በአንድ መጠለያ መታጎራቸው ሲሰማ፣ ተማሪዎች ያሉበትን ሁኔታ አይተው ድህነት ወንጀል ነው ወይ ሲሉ በአደባባይ ጠየቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የወሎ ረሃብ ነው። በ1965 ዓ.ም. የመንግሥት ባለ ሥልጣኖች ረሃቡ ይፋ እንዳይወጣ ሲያድበሰብሱ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱና በግቢው ውስጥ አሳዩ። ነገሩ ለዓለም የተሰማው ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ! እነዚያ መምህራን የረቀቀ ቲዎሪ ይዘው አልነበረም የተመለሱት። የያዙት ሄዶ ማየትን ብቻ ነበር። «ረሃብ የለም» የሚለውን ቃል የሚያፈርሰው ደግሞ በሥፍራው የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ኋላም የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ረሃብ በየትኞቹ አውራጃዎች መቼ እንደደረሰ ለ20 ዓመት ያህል ያለውን መረጃ አሰባስበው በ1984 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተሙ። ያ ሁሉ ሥራ የተመሠረተው በየአውራጃው የተጻፈ መዝገብ ላይ ነው።

ይሁንና ታሪኩ ሌላ ገጽታም አለው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢትዮጵያ ስላለው የብሔረሰቦች ጥያቄ በተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ሆኖም ያነሣው ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አገር ያወያያል፤ ያከራክራልም። የሚደግፉትም የሚቃወሙትም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ። ዋለልኝ ራሱ ትንታኔው ፍጹም እንዳልሆነ፣ እንደ ጀማሪ ሙከራ እንዲታይለት፣ ውይይት እንዲከፈትበት መሆኑን በዚያው ጽሑፍ ላይ ገልጿል። የጀማሪ ሙከራ ነው የተባለን ነገር አንዱ ወገን እንደ ቀኖና ሲይዘው፣ ሌላው ደግሞ እንደ እርግማን ቆጥሮ ሲወግረው፣ የጠፋው በመካከል ሊሠራ ይገባ የነበረው ጥናት ነው። በየአካባቢው ያለው ሕዝብ ራሱን ማን ብሎ ይጠራል? ከጎረቤቱ ጋር በምን ይጋባል፣ በምን ይጣላል? ገበያ ላይ በምን ቋንቋ ይነጋገራል? ይህን ሄዶ የሚመዘግብ ሰው ለክርክሩ መሠረት ያስቀምጥ ነበር።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው ለእኛ ለመምህራን በጣም ይቀርበናል። በ1964 ዓ.ም. የአገሪቱን ትምህርት እንደገና ለማደራጀት «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለ ትልቅ ጥናት ተካሄደ። በጥናቱ የተሳተፉት የተማሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች ነበሩ። ውጤቱ ግን ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆይቶ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ መምህራን በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ የወላጆችና የተማሪዎች ተቃውሞም ተከተለ። ያ አድማ የ1966ቱን ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ይታወቃል። በጥናቱ ውስጥ መልካም ሐሳብ አልነበረም ማለት አይደለም። ለገጠሩ ሕፃን ትምህርትን ለማዳረስ የታሰበ ነገር ነበረበት። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምረው መምህር ስለ ራሱ ኑሮ የተጠናውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ እንዴት ይቀበለው? ጥናት የሚመለከተውን ሰው ካላማከረ፣ እውነት ቢይዝም የሚያምነው አያገኝም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ሄዶ ያየ ተማሪ ትልቅ ባለ ሥልጣን የካደውን ሊያረጋግጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተማሪ ጽሑፍ ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ ሊኖር ስለሚችል በግምት የተጻፈውን ግምት ነው ብሎ መለየት ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ የተጠናው ሰው የጥናቱ ባለቤት እንጂ ዕቃው አይደለም።

ሐ. በእኛ አቅም እንዴት ይሠራል?

«እኛ ገንዘብ የለን፣ መኪና የለን፣ ኮምፒዩተር የለን፤ ምን እናጠናለን?» የሚል አይጠፋም። መልሱን በምሳሌ ላሳይ። ምሳሌው ለትምህርት እንዲመች የታሰበ ነው እንጂ በአንድ በታወቀ ትምህርት ቤት የተገኘ ቁጥር አይደለም።

አንዲት ሠልጣኝ ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደበች እንበል። መምህራኑ «እዚህ አገር ወላጅ ለትምህርት ደንታ የለውም፤ ልጆቹ በየቀኑ ይቀራሉ» ብለው ነገሯት። እሷም ይህን ይዛ «የወላጆች ግድየለሽነት» የሚል ርእስ ልትጽፍ ተነሣች።

1. ጥያቄን ማሳነስ። «ግድየለሽነት» አይቆጠርም፤ አይታይምም። ስለዚህ ርእሷን እንዲህ ብላ ትለውጣለች፤ «በ4ኛ ክፍል ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ይቀራል?» ይህን ግን በአራት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይቻላል።

2. ያለውን መዝገብ መቁጠር። የስም መጥሪያው መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የሚመረምረው ሰው ግን የለም። ሠልጣኟ የአራት ሳምንቱን ቀሪ በቀን ለይታ ስትደምር፣ ሰኞ 9፣ ማክሰኞ 11፣ ረቡዕ 8፣ ሐሙስ 41፣ ዓርብ 11፣ በጠቅላላው 80 ሆነ እንበል። ኧረ ይኼ ሐሙስ ምንድን ነው? ወላጅ በጠቅላላው ግድየለሽ ቢሆን ኖሮ ቀሪው በአምስቱም ቀን በተበታተነ ነበር። እነሆ ከ80ው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ ቀን ተከማችቷል። ሐሙስ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ከ41ዱም 30ው ሴቶች ናቸው። መዝገቡ ብቻውን የመምህራኑን አባባል መጠርጠር ጀመረ ማለት ነው።

3. ማንን እንጠይቅ? ብዙዎቻችን የምንጠይቀው መንገድ ዳር ያለውን፣ ሱቅ በር ላይ የተቀመጠውን፣ በቀላሉ የሚገኘውን ሰው ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር ልማት ባሳተመው መጽሐፍ፣ አጥኚዎች በመኪና መንገድ ዳር ያለውን ብቻ አይተው እንደሚመለሱ፣ ከመንገድ የራቀው፣ በክረምት የሚቸገረው፣ የታመመውና ሴቷ ግን ሳይታዩ እንደሚቀሩ አስረድቷል። ከእኛ ሁኔታ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ሠልጣኟ ከመዝገቡ ላይ ብዙ ከቀሩት መካከል አሥሩን፣ ከማይቀሩት መካከልም አሥሩን መርጣ ቤታቸው ትሄዳለች፤ ቤቱ ሩቅ ነው ብላ አትዘልም። የማይቀሩትን መጠየቅ ለምን አስፈለገ? ሁለቱን ካላወዳደርን ልዩነቱ ምን እንደሆነ አናውቅማ!

4. እንዴት እንጠይቅ? «ልጅዎን ለምን ከትምህርት ቤት ያስቀራሉ?» ብሎ መጠየቅ ክስ ነው። እናትየው ወይ ይቆጣሉ ወይ «አላስቀርም» ብለው ይገላገላሉ። «እማማ፣ ባለፈው ሐሙስ እርስዎ የት ዋሉ? ልጅዎስ ምን ስትሠራ ዋለች?» ብትል ግን እውነተኛ ቀን ይተረካል። «እኔ በርበሬዬን ይዤ ገበያ ወረድሁ፤ ሕፃኑን ማን ይያዝልኝ? እሷ ናታ!» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ሰላምታ ሳይሰጡ፣ ከየት እንደመጡና ለምን እንደሚጠይቁ ሳይናገሩ፣ ወረቀት አውጥቶ መጻፍ መጀመር ነውር ነው። እናትየው እህል እየፈጩ ወይም ወጥ እየሠሩ ከሆነም ጠብቆ ወይም ሌላ ቀን ተመልሶ መጠየቅ ይገባል።

5. ማስታወሻ አያያዝ። ደብተራችንን በሦስት እንክፈለው። በአንደኛው ዓምድ «ያየሁት»፣ በሁለተኛው «የተነገረኝ»፣ በሦስተኛው «የመሰለኝ» ብለን እንጻፍ። ብዙ የተማሪ ጽሑፍ የሚበላሸው ሦስቱ ተደባልቀው ሁሉም «ያየሁት» ስለሚመስሉ ነው። ሃያ ሰው ጠይቀን ስናበቃ ደግሞ «75 ፐርሰንት» ከማለት «ከ20ው 15ቱ» ማለት ይሻላል። ፐርሰንት ትንሹን ቁጥር ትልቅ አስመስሎ አንባቢን ያታልላል።

6. ውጤቱን መፈተን። ሠልጣኟ አሁን አዲስ ሐሳብ አላት፤ ይኸውም እናቶች ገበያ ሲወርዱ ሴት ልጆች ሕፃን ለመያዝ ይቀራሉ የሚል ነው። ይህንንም ወዲያው ማመን የለባትም። ገበያው ቅዳሜ የሚውልበትን የሌላ ቀበሌ ትምህርት ቤት መዝገብ ትይ። በዚያም ሐሙስ ቀን ቀሪው የበዛ ከሆነ ሐሳቧ ፈረሰ፤ ሌላ ምክንያት ትፈልግ። በዚያ ሐሙስ እንደ ማንኛውም ቀን ከሆነ ግን ሐሳቧ በረታ።

አሁን ልዩነቱን እንመልከት። «ወላጆች ግድየለሾች ናቸው» የሚለው መልስ የሚያስከትለው ስብከትና ቁጣ ነው። «ሐሙስ ሕፃን የሚይዝ የለም» የሚለው መልስ ግን ርእሰ መምህሩንና ወላጆችን አንድ ላይ አስቀምጦ ያወያያል፤ የሐሙስን የትምህርት ሰዓት ስለ ማሸጋሸግ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሕፃን ስለ መጠባበቅ ያነጋግራል። የልጅቷ ዕድል በዚህና በዚያ መልስ መካከል ነው ያለው። በየሳምንቱ አንድ ቀን የምትቀር ልጅ በአምስት ቀን ትምህርት ውስጥ አንድ አምስተኛውን ታጣለች፤ ኋላ ስትወድቅ «ሰነፍ» ትባላለች፤ ከዚያም ትዳር ይታሰብላታል። ሕጉማ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት በነበረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ነበር። ሕግ ከወጣ በኋላም ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣት ምን እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው መምህር ነው።

መ. ፖለቲካ የነካው ጥያቄ ሲሆን

ከላይ እንዳልሁት ከመካከላችን አንዳንዱ የፖለቲካ ሽታ ካለበት ርእስ ይሸሻል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ የመማሪያ ቋንቋ፣ የመሬት ይዞታ፣ የሥራ አጥነት፣ ከቀዬ መፈናቀል የሚባሉት ጉዳዮች ተማሪዎቻችን ከቤታቸው ይዘዋቸው የሚመጡ ናቸው። መምህር ዓይኑን ቢጨፍን ከክፍሉ አይወጡም። ስለዚህ ከመሸሽ ይልቅ ጥንቃቄውን ማወቅ ይበጃል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ሰውን አለመጉዳት ነው። የተጠያቂውን ስም፣ ቤቱን፣ በቀላሉ የሚያሳውቀውን ምልክት አንጻፍ። በግጭት ውስጥ ባለፈ አካባቢ በአንድ ደብተር ላይ የተጻፈ ስም በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ለጥናቱ የማያስፈልግን ነገር ደግሞ ከናካቴው አንጠይቅ። «አልመልስም» ያለንን ሰው አመስግነን መሄድ አለብን እንጂ ማባበል አይገባም።

ሁለተኛው፣ ማን አጠገብ ሆነን እንደምንጠይቅ ማስተዋል ነው። የቀበሌ ሹም አብሮን ከተቀመጠ ገበሬው የሚመልሰው ለእኛ ሳይሆን ለሹሙ ነው። ባል ካለበት ሚስት፣ መምህር ካለበት ተማሪ እንዲሁ ነው። ታዲያ ፈቃድ ከሚመለከተው ክፍል ይወሰድ፤ ጥያቄው ግን ለብቻ ይሁን።

ሦስተኛው፣ የማንወደውን መልስ ከምንወደው እኩል መጻፍ ነው። ስለ መማሪያ ቋንቋ የሚያጠና ሠልጣኝ ልጄ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር የሚለውንም፣ ልጄ ሌላ አገር ሄዶ ሥራ እንዲያገኝ በሌላ ቋንቋ ይማር የሚለውንም ወላጅ ቃል በሚገባ መመዝገብ አለበት። ሁለቱም ልጃቸውን ይወዳሉ። ጥናት የፍርድ ቤት ችሎት አይደለም፤ አንዱን ረቺ ሌላውን ተረቺ ማድረግ ሥራው አይደለም።

አራተኛው፣ ውጤቱን ለተጠየቁት ሰዎች መመለስ ነው። በዕድር ወይም በወላጆች ስብሰባ ላይ ያገኘነውን በአጭሩ ብንነግራቸው የተሳሳትነውን ያርሙናል። በሚቀጥለውም ጊዜ የሚመጣውን ሠልጣኝ በር ከፍተው ይቀበሉታል።

ሠ. ማጠቃለያ

በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2011 ዓ.ም. እንዲተላለፍ ተወስኗል። ትልቁ ቆጠራ ሲዘገይ በየመንደሩ በጥንቃቄ የተሠራ ትንሽ ቆጠራ ዋጋው ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ወሬ በየስልኩ በአንድ ደቂቃ አገር በሚያዳርስበት በዚህ ዘመን፣ «ይህን ማን አየው? ስንት ሰው ተጠየቀ? መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ለአንድ ቀበሌ ትልቅ ሀብት ነው። ተማሪዎቻችንም ይህን ልማድ ከእኛ ያያሉ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ያምናውን ገልብጦ ማስረከቡ ይቅር። ርእሱን በመፍራትም ሆነ መልሱን አስቀድሞ በማወጅ ጊዜያችንን አናባክን። አንድ ትንሽ ጥያቄ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ መዝገብና የሚያዳምጥ ጆሮ ይዘን እንውጣ። መምህራኖቻችንም ጽሑፋችንን ሲያርሙ ከገጹ ብዛት ይልቅ «ይህን እንዴት አወቅህ? እንዴት አወቅሽ?» ብለው እንዲጠይቁን በአክብሮት እናሳስባለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ውስጥ የተጠቀሰችው ሠልጣኝ መዝገቡን ሳትቆጥር በቀጥታ ወላጆችን ብትጠይቅ ኖሮ ምን ዓይነት መልስ የምታገኝ ይመስላችኋል?

2. «ወጣቶች ለሥራ ፍላጎት የላቸውም» የሚለውን አባባል ሊቆጠርና ሊጠየቅ በሚችል ትንሽ ጥያቄ ለውጡ።

3. በምትመደቡበት ቀበሌ ሊጠና ይገባል የምትሉትን አንድ ጉዳይ ምረጡ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሳይጠየቁ ሊቀሩ የሚችሉት እነማን ናቸው? እነርሱንስ እንዴት ታገኟቸዋላችሁ?

4. ያጠናችሁት ጥናት አስቀድማችሁ ያመናችሁበትን ነገር ቢያፈርስ በጽሑፋችሁ ላይ እንዴት አድርጋችሁ ትገልጹታላችሁ?